የእትዬ ዘነቡ ጨዋነት

ሚስቴ ስታላምጥ መቀመጥ አልችልም። ጆሮዬ ውስጥ መጋዝ የገባ ይመስለኛል፤ ምግቤን ትቼ እነሳለሁ። እሷ ደግሞ "ተጸየፈኝ" ብላ ለሽማግሌ ከሰሰችኝ።

ሽማግሌው ጋሽ ደመላሽ ሊያስታርቁን ቤታቸው ምሳ ጠሩን። ሐኪም የጻፈልኝን ወረቀት አሳየኋቸው። ወጥ በነካው ጣታቸው ይዘው አነበቡና ሳቁ።

"የሰው ማላመጥ የሚያሳብድ ሕመም? በእኛ ጊዜ ይሄ ጥጋብ ነበር የሚባለው!"

ይህን ብለው ቅልጥሙን አነሱ። መቅኔውን ሲመጥጡት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶግራፋቸው የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ሚስቴ ታየኛለችና ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ።

"ከባለቤቴ ተማር" አሉኝ፣ በአጥንቱ ወደ ጓዳ እያመለከቱ። "ዘነቡ አርባ ዓመት ሙሉ ስለ አበላሌ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እንዲያውም ከአክብሮቷ ብዛት አንድ ቀን እንኳ ከእኔ እኩል ማዕድ ቀርባ አታውቅም። ምግቡን አቅርባ ጓዳ ትገባለች፤ እዚያው ትበላለች። ጨዋነት ማለት ይሄ ነው!"

ሚስቴ "ሰማህ?" በሚል ዓይን አየችኝ። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁና የጓዳውን በር ከፍቼ ገባሁ።

እትዬ ዘነቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ይበላሉ። ጠራኋቸው፤ አልሰሙኝም። ደግሜ ጠራኋቸው። በመጨረሻ ትከሻቸውን ስነካቸው ዘወር አሉና ከአንድ ጆሯቸው ጥጥ አወጡ።

"ጨረሱ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ገና መቅኔው ላይ ናቸው።"

ከመቀነታቸው ንጹሕ ጥጥ ፈተው ሰጡኝና በሩን መልሰው ዘጉት።