ከፊት ነው ከኋላ?

«ዛሬም መጣህ? አንተ ሰውዬ፣ አይሰለችህም!» አለችው ወይዘሮ ሃልደን ቀና ሳትል። ወጥ ቤቷ ውስጥ ባልዲ በጉልበቶቿ መሀል አድርጋ የዶሮ ላባ ትነጫለች። የፌዴራሉ መርማሪ ኦቨርቤክ ደፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

ባንክ ዘራፊው ልጇ ዌስሊ ከሸፈተ ጀምሮ ይህን የአሜሪካ፣ የአዮዋ ግዛት የበቆሎ እርሻ ሲመላለስበት ኖሯል። እሱ ሲጠይቅ፣ እሷ ስትዋሽ፣ እንደ ጎረቤት ተላምደዋል።

«ዌስሊን ከሆነ አመለጠህ። ትናንት እዚህ ቁጭ ብሎ ጠግቦ በላና ወደ ካናዳ ነካው። ሂድ፣ ድረስበት እስኪ!» ብላ ሳቀች።

ኦቨርቤክ አልሳቀም። ዌስሊ ዛሬ ጠዋት ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ አጥር ሊዘል ሲል ተመትቶ ወድቋል። አሁን ሬሳው ከተማ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሕዝቡ እየተጋፋ ያየዋል። ጋዜጠኞቹም ወዲህ ለመምጣት መኪና ሲያስነሱ፣ እናቱ ከነሱ አፍ እንዳትሰማ ብሎ ነው ቀድሟቸው የመጣው።

«ወይዘሮ ሃልደን፣ እባክዎ ዶሮዋን ያስቀምጧት።»

እጇ ላባው ላይ ቀረ። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ያኔ ገባት።

«ማን ነው የመታው?»

ኦቨርቤክ ሕግ ተምሮ ይህን ሥራ ሲይዝ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚያረጅ መስሎት ነበር።

«እኔ ነኝ» አላት።

ዶሮዋ ከጭኗ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሴትዮዋ ሳታነሣት፣ «ከፊት ነው ከኋላ?» አለች።

ለጋዜጣ የሚሰጠውን ቃል አለቃው አዘጋጅቶታል፤ ዘራፊው ሽጉጥ መዝዞ ሲታኮስ ወደቀ። የኦቨርቤክ ሹመትም ከዚያ ቃል ጋር ነው የሚመጣው። ለእናት ቢነግሩትም ደግነት ይመስላል።

«ከኋላ» አለ ኦቨርቤክ። «ሽጉጡን አላወጣም። እየሮጠ ነበር።»

«በልጅነቱ ሲሮጥ ማን ይደርስበት ነበር» አለች። አላለቀሰችም።

ውጭ መኪናዎች ተከታትለው ቆሙ። «እናትየው ውስጥ ናት! ካሜራውን ቶሎ አምጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ወይዘሮ ሃልደን ደም የነካውን ሽርጧን አየች። «እንዲህ ሆኜማ ፎቶ አያነሱኝም» ብላ ተነሣች። «በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ዌስሊ አሠራልሻለሁ ሲለኝ… ያዝልኝ።»

ኦቨርቤክ በሩን ዘግቶ በጀርባው ተደገፈው። ከውጭ በጡጫ ይደበድቡት ጀመር፤ በየምቱ ሳንቃው ትከሻውን ይገፋዋል። እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ ገፋ።

ሴትዮዋ ሽርጧን አውልቃ፣ ግድግዳው ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ፀጉሯን ታበጥራለች። ማበጠሪያው ከእጇ ይወድቃል፤ ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች፤ እንደገና ይወድቃል።