የጎመኑ ዘር

ሕጉ አጭር ነው፤ በጓሮው የተከለ ሰው ተክሉ እስኪያልቅ ድረስ ከግቢው አይወጣም። በሩ የሚከፈተው እሑድ ጠዋት ነው፤ አፈሩ ላይ አንዲት ለምለም ቅጠል ካየ ግን አይነቃነቅም። ለምለሙን መንቀል ደግሞ ያሳስራል።

ብልጦቹ ድንች ተክለው በአራት ወር ወጡ። እኔ ሞኟ፣ ልጄ ትርሲት ትወዳለች ብዬ ጎመን ተከልኩ። ጎመን በቀነጠሱት ቁጥር ይተካል። እሷ ተድራ ሄደች፤ እኔ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ።

ዘንድሮ መቀንጠሱን ተውኩት። አበበ፣ ዘር ያዘ፣ ደረቀ። ባለፈው ሰኞ ትርሲት ወለደች። በዚያው ቀን የደረቀውን አጭጄ ዘሩን ጓሮ ቆሜ በሰፌድ አነፈስኩ፤ ዘር መጣል አይሆንልኝም። ለአራስ ገንፎዋ ዱቄት ነፋሁ፣ ቅቤ አነጠርኩ። ማክሰኞ ሲዘንብ ሕፃኑ ከነሲሳዩ መጣ ብዬ ደስ አለኝ።

እሑድ ጠዋት ዘንቢሌን አንጠልጥዬ በሩን ገፋሁት። አልተነቃነቀም። ዞር ስል፣ ሰፌዱን ይዤ በቆምኩበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ቡቃያ ፈልቷል።

ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ ወጣሽ?»

«ገንፎውን አማትሽ ያገንፉልሽ» አልኳት። «ቅቤው ላይ እንዳይሰስቱ በያቸው።»