ከኮፈኑ ሥር

ሸረፈዲን በሞተሩ ፊት፣ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ዘይት የሚያግደውን ጎማ ሲቀይር ይህ ሦስተኛው ነው። ላንድሮቨሩ ግን አሁንም ከሥሩ የተነጠፈው ካርቶን ላይ ዘይት ጠብ ያደርጋል። መፍቻውን ወረወረው።

«መኪናው ዘመድ ሞቶበት ይሆናል፤ አልቅሶ ይውጣለት» አለ የሥራ ባልደረባው ኑርሁሴን።

«አንተ ቀልድ! ነገ ደሴ ካልደረሰ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

እውነቱን ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሞላልኝ ጠዋት ኮምቦልቻ ጋራዡ ድረስ መጥተው፣ «መኪናው ለነገው የደሴ ስብሰባ ካልተነሳ አሻጥር ብዬ ነው የማመለክተው» ብለውት ሄደዋል።

ሸረፈዲን በንዴት የሞተሩን ዘይት በሙሉ ጀሪካን ውስጥ አራገፈው። ጠብታው አልቆመም። ቢቸግረው ከኑርሁሴን ጋር ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለው አወጡና ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ጎማውን በጣቱ ዳበሰው፤ ደረቅ ነው።

ሊቀመንበሩ ከሰዓት ሲመለሱ ሞተሩን አይተው ጮኹ።

«ጎማ ቀይር አልኩህ እንጂ ሞተር አውርድ አልኩህ? ይኸው አሻጥር!»

«ጓድ፣ በአላህ፣ ይምጡና ይዩልኝ።»

ወደ መኪናው ወሰዳቸው። ከኮፈኑ ሥር ምንም የለም፤ ቁልቁል ካርቶኑ ይታያል። ጓድ ሞላልኝ ጎንበስ አሉና ሞተሩ በነበረበት ባዶ ቦታ መዳፋቸውን ዘረጉ።

ጠብ አለባቸው። ጥቁር ዘይት ነው፤ ትኩስ። እጃቸውን መሰብሰብ አቅቷቸው ሲያዩት፣ ሌላ ጠብ አለ።

«በል… ጎማውን ቀይረው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የምኑን ጎማ፣ ጓድ?»