የጎበጠው ስክሪን

ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉንጬን ከመደርደሪያው ጋር አጣብቄ፣ የአንድ ኮምፒውተር ስክሪን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር እያየሁ ነበር፤ በአናጢነት ዘመኔ ሁሉ ሳንቃ ስመርጥ እንደማደርገው።

«ይህ ዕቃ ጎብጧል» አልሁት ባለሱቁን።

«አዎ አባቴ፣ ጎባጣ ነው።»

ሳያፍር ማመኑ አናደደኝ። «መጉበጡን እያወቅህ ከፊት ታቆመዋለህ? በእኛ ሙያ እርጥብ ሳንቃ ፀሐይ ላይ ጥሎ ያጎበጠ ሰው ለማገዶ ይሰጠዋል እንጂ ለደንበኛ አያቀርበውም።»

«አባባ፣ በናትህ!» ዓይኖቿ ትልልቅ ስለሆኑ በቤታችን ጉጉት የምንላት የልጄ ልጅ እጅጌዬን ጎተተች። «ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። እንዲያውም አዲስ ሲሆን ቀጥ ካለው በዋጋ ይበልጣል።»

«ለመጉበጡ ነው የሚጨመርበት?»

«ለመጉበጡ።»

የተለጠፈበትን ዋጋ ለማየት መነጽሬን አስተካከልሁ።

ወደዚያ ጠባብ ሱቅ የወሰደችኝ እርሷ ናት። በማግሥቱ አንድ የኮምፒውተር ጌም ተጫዋቾች ቡድን ሊፈትናት ነበር፤ ካለፈች አምስተኛ ተጫዋች ሆና ትቀጠራለች። ደመወዝ ያለው ሥራ መሆኑን ለማመን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ፈተናው በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የምትጫወተው ከቤት፣ በራሷ ዕቃ ነው። በመጀመሪያው ወድቃለች፤ ሁለተኛ ዕድል ሰጥተዋታል፤ ሦስተኛ የለም። «ስክሪኑ ይዘገይብኛል፤ ጠላት ከግድግዳው ጥግ ብቅ ማለቱን ሳላይ ሞቼ እገኛለሁ» ትላለች። እኔ ግን ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

የያዝነው ገንዘብ ከርካሾቹ አንዱን ብቻ የሚገዛ ነው። ጎባጣው ያገለገለ በመሆኑ ዋጋው ወርዶ ከአንድ ትንሽ አዲስ ስክሪን ጋር እኩል ሆኗል።

«እንግዲህ መጉበጡን ችዬ እቀበላለሁ» አልሁ። «ቢያንስ ሰፊ ነው፤ ድምፅ ማውጫም አለው። እሱን እንውሰድ።»

«አባባ፣ እሱ እኮ ስልሳ ነው። ትንሹ መቶ አርባ አራት ነው።»

«ምኑ?»

«ሄርዙ።»

ባለሱቁ ሊያስታርቀን ገባ። «በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሥዕሉን ስንት ጊዜ እንደሚቀይር ነው፣ አባቴ። ያኛው ስልሳ ጊዜ፣ ይኼኛው መቶ አርባ አራት ጊዜ።»

«በአንድ ሰከንድ ስልሳ ሥዕል አይቶ የማይበቃው ሰው ምን ቀረብኝ ብሎ ነው?»

«ሰማንያ አራቱ» አለች ጉጉት።

ባለሱቁ ሳቁን ለመደበቅ ሽቦ የሚፈልግ መስሎ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አቁሞ ለየብቻቸው ከኮምፒውተር ጋር አገናኛቸው። በሁለቱም ላይ አንድ ወታደር ይሮጣል።

«ልዩነቱ ታየዎት?»

መነጽሬን አወለቅሁ፤ ጠረግሁት፤ መልሼ አደረግሁት። ወታደሩ በዚህም በዚያም እኩል ይነሣል፣ እኩል ያርፋል።

«አንድ ናቸው» አልሁ።

«አንድ አይደሉም! እየው እንጂ አባባ፣ ሰፊው ላይ ይቆራረጣል።»

«ልጄ፣ ዓይኔ ገና አልጠፋም። የፀጉር ያህል ክፍተት ከሩቅ የሚለይ ዓይን ነው።»

«እንጨት ላይ!» ብላ ጮኸች። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ዞሩ። ወዲያው ድምፅዋ ወረደ። «እሺ፣ ተወው። ሰፊውን ግዛ። ገንዘቡ ያንተ ነው።»

ያ «እሺ» ከጩኸቷ ይልቅ ከበደኝ። ሙግቱን ብትቀጥል ደስ ባለኝ ነበር።

«ተቀመጪ» አልኋት። «በሁለቱም ተጫወቺና ልይ።»

በሰፊው ጀመረች። ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሞተች። አውቃ እየሞተች ይሆናል ብዬ ስለ ጠረጠርሁ ስክሪኑን ማየት ትቼ እርሷን ማየት ጀመርሁ። አንገቷ ወደ ፊት ሰግጓል፤ ጥርሷን ነክሳለች፤ ማውሱን የያዘው እጇ እየዘለለ ይሄድና አልፎ ይመለሳል። ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ደርሷል።

ወደ ትንሹ ተዛወረች። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። እጇ ዓይኗን ተከትሎ ይሄዳል፤ የሚደርስበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። መተንፈሷን ሰማሁ።

የደነዘ የእንጨት መላጊያ የያዘን ሠራተኛ ትከሻ ማንም አስመስሎ ሊሠራው አይችልም። በእንጨት ሥራ ቤቴ ሲሠሩ እንደዚያ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር የደረሰ ልጆች ነበሩ። ሰነፍ እያልሁ አሰናብቻቸዋለሁ፤ መላጊያውን ገልብጬ ስለቱን በጣቴ የዳሰስሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

«አሁንስ ታየህ?» አለችኝ ሳትዞር።

«አልታየኝም» አልሁ፤ እውነቴን ነበር። ወደ ባለሱቁ ዞርሁ። «ትንሹን አሽግልን።»

ያን ጊዜ ዞረች። «ሳይታይህ?»

«ሳይታየኝ።»

ካርቶኑን እንድይዝላት አልፈቀደችም። አገጯን ካርቶኑ ላይ አሳርፋ፣ እግሯ የሚረግጠውን ሳታይ፣ በጠባቡ ደረጃ ከፊቴ ወረደች። እኔ ከኋላ እያጉረመረምሁ ተከተልኋት፤ ያን ሰፊ ዕቃ ትቼ መምጣቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁጥሮቹን የጻፍሁት ከእርሷና ከባለሱቁ አፍ እንደ ሰማሁት ነው። ስልሳውን፣ መቶ አርባ አራቱን ወይም ቀኑን አዛብቼ ከሆነ፣ የምታውቁ ሰዎች አቃኑልኝ፤ በዚያች ሰዓት ዓይኔ ትከሻዋ ላይ ነበር።