ልትሰማ የመጣችው

«ደብተሩን ከደጅ ተይው» አሉ አቶ እንዳላማው፣ የአጥሩን በር በገላቸው እንደዘጉ።

ሥራነሽ ደብተሯን ከድንጋይ ካቡ ላይ አስቀመጠች። ከአምበር ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታለች። ጤና ጣቢያው የምክር አገልግሎት ባለሙያ አድርጎ ከቀጠራት ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አብረዋት በሳይኮሎጂ ከተመረቁት ገሚሶቹ ባንክ ገብተዋል፤ ገሚሶቹም ቤት ቁጭ ብለዋል።

«ማን ላከሽ?»

«ጤና ጣቢያው። ባለቤትዎ ከልጃችሁ ቀብር ወዲህ አራት ወር አልተናገሩም ሲባል ሰምተን ነው።»

«መርፌ ይዘሻል?»

«አልያዝኩም።»

«ኪኒን?»

«የለኝም አባቴ። የእኔ ሥራ ሰው ሲናገር መስማት ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ሰሚማ እናውቃለን! መሬት ሲደለደልም ሹሞቹ ልንሰማ ነው ብለው መጡ። ሰምተው ሄዱና መሬታችንን ሊለኩ ገመድ ይዘው ተመለሱ።»

ቢሆንም መንገድ ለቀቁላት።

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራነሽ ሰላም ብላ ከፊታቸው ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ አረፈች። ዐይኗ ግን ክንዳቸውንና አንገታቸውን ይፈትሽ ነበር። ጎረቤቶች «ዝም ያሰኛት ባሏ ነው» ሲሉ ሰምታለች። ሰንበር ፈለገች፤ አላየችም። ባልየው ምሰሶውን ተደግፈው እሷን ይጠብቃሉ፤ እሷም በጎን እሳቸውን ትጠብቃለች።

«ጠይቂያታ!»

«ካልፈለጉ አይናገሩ። እቀመጣለሁ።»

ተቀመጠች። አቶ እንዳላማው ሁለት ጊዜ ወጥተው ተመለሱ። ሦስተኛው ላይ መሐል ቤት ቆሙ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው? እኔን ነው?»

ሥራነሽ ዐይኗን ወደ እሳቸው መለሰች።

«ወንዙ ሞልቷል እያለኝ ነው ልጃችንን የላክሁት» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «በሬው ማዶ ቀረ ብዬ። ለቀባሪው ሁሉ ‹ሳይነግረኝ ሄደ› አልሁ። ነግሮኝ ነበር።»

ሥራነሽ ወደ ወለተ ሰንበት ዞረች። ጎረቤት ያለው እውነት መሰላት፤ ሴትዮዋ የሚጮሁ፣ የሚራገሙ መሰላት።

ወለተ ሰንበት ቀና አሉ። ድምፃቸው የሻከረ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ነበር።

«ስትልከው በሩ ላይ ነበርሁ» አሉ። «አትሂድ አላልሁትም።»

አቶ እንዳላማው እንደቆሙ ቀሩ። ሚስታቸው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ከመደቡ ላይ ፈቀቅ አሉላቸው።