በግራ እጅ

ልብስ ሰፊዋ የሹራቧን ሦስተኛ ቁልፍ በግራ እጇ ስትታገል ነርሷ ፋይሉን ይዛ መጣች። የደም ካንሰሩ መድኃኒት ከደም ሥሯ ውጭ ፈስሶ ቀኝ እጇን ካቃጠለው አራተኛ ቀኑ ነበር። ፋይሉ ላይ «ታካሚዋ እጇን በማንቀሳቀሷ መርፌው ወጥቷል» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ለፊርማ ባዶ ቦታ ተትቷል።

«በግራ ከሚቸገሩ በጣትዎ ያትሙልኝ፣ እትዬ።»

«ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ የኔ ልጅ። እስክሪብቶውን አምጪው።»

ተቀበለችና ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው።

«ኧረ እትዬ፣ ታካሚ እኮ ፋይል ላይ አይጽፍም!»

«ያላደረገው ግን ይጻፍበታል?»

ነርሷ በሩን ዞር ብላ አየች። «እኔን ያባርሩኛል» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አንቺን ለማስባረር አይደለም። ነገ መርፌው የሚገባው በዚህችኛዋ ነው፤ ሌላ እጅ የለኝም። ያቃጥለኛል ስል የሚያቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

መጻፍ ጀመረች። ፊደሎቹ እንደ ጀማሪ ስፌት ተንጋደዱ፤ ወረቀቱም ከእጇ ሥር እየተንሸራተተ አስቸገራት። «እጄን አላንቀሳቀስኩም። ያቃጥለኛል ብዬ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ይቻሉት ተባልኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱ መንሸራተቱን አቆመ። ቀና ስትል ነርሷ ጠርዙን በሁለት ጣቶቿ ይዛላታለች። ልብስ ሰፊዋ ፈረመች፤ አራቱን ነጥብ አንድ በአንድ ጠበቅ አድርጋ አኖረች፤ እስክሪብቶውን ከድና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።