የመቅደላ መታወቂያ ከቢሮ እንዴት ወጣ?

«ስሙ ያንቺ… ፎቶው ያንቺ… መታወቂያው ያንቺ! ታዲያ ስልኩ የማን ነው ልበል?»

አላት ሳጅን ደጀን፣ መቅደላን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ።

መርሳ ፖሊስ ጣቢያ… ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት… በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መቅደላ መርሳ ውስጥ ባለ አንድ ምርጥ ዘር የሚሸጥ ድርጅት የመስክ ሠራተኛ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከገበሬው ጋር ጭቃ ስትረግጥ የኖረች፣ ቢሮ ብቅ የምትለው ደመወዝ ለመፈረም ብቻ የሆነች ልጅ።

አሁን ግን በማጭበርበር ተጠርጥራለች።

በስሟ በወጣ ሲም ካርድ አንድ ሰው ውርጌሳ ላሉ እናት ደውሎ «ሳዑዲ ያለው ልጅዎ ታስሯል፣ ቶሎ ብር ይላኩ» አላቸው። እማማ ጥሩወርቅ በሬያቸውን ሸጠው ላኩ።

ልጃቸው ግን አልታሰረም… ሥራው ላይ ነበር።

«ሳጅን… ይኼን መታወቂያ ያወጣሁት ባለፈው መስከረም ነው። ኮፒውን የሰጠሁት ለአንድ ቦታ ብቻ… ለመሥሪያ ቤቴ ነው።»

«እንግዲያው ይህንኑ በደብዳቤ ይጻፉልሽ። ኮፒው ከነሱ እጅ መውጣቱን ካመኑ ነገሩ ይቀየራል። ካልሆነ ግን ክሱ ባንቺ ላይ ይቀጥላል።»

አንዲት ደብዳቤ! የመቅደላ ስም በአንዲት ደብዳቤ ላይ ተንጠለጠለ።

እየሮጠች ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች።

አቶ ዓለምነህን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ… በሩ ላይ «ሠራተኞቻችን ቤተሰቦቻችን ናቸው» ብሎ የለጠፈ፣ የቤተሰቡን ስም ግን በቅጡ የማያውቅ ሰው ነው። «የመታወቂያ ኮፒ ያላመጣ ደመወዝ የለውም!» እያለ ሲያስፈራራ የሚቀድመው የለም። ኮፒውን የት እንደሚያስቀምጠው ስትጠይቁት ግን ይቆጣል።

«ጋሼ ዓለምነህ፣ እባክዎ ደብዳቤ ይጻፉልኝ…»

«እኔ? የድርጅቴን ስም በገዛ እጄ ላጠፋ?»

«የኔስ ስም ጠፍቶ የለም ወይ ጋሼ?»

«ስምሽን አንቺ ጠብቂው! የትም ስትዞሪ ለማን እንደሰጠሽው እኔ ምን አውቃለሁ? ከዚህ ቢሮ አንዲት ወረቀት አትወጣም!»

አይ አቶ ዓለምነህ! የድርጅቱ ስም ስም ነው… የመቅደላ ስም ግን የወለል መወልወያ!

ጭራሽ «ጉዳይሽ እስኪጣራ ሥራ እንዳትገቢ» ብሎ አስወጣት።

በማግስቱ ሳጅን ደጀን እማማ ጥሩወርቅን አስጠራቸው። አቶ ዓለምነህም እንዲቀርብ ታዘዘ። ኮቱን ለብሶ፣ በየደቂቃው ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ… ሥራ የሚያውቅ ይመስል።

እማማ መቅደላን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ኧረ ይቺማ የኛው ልጅ ናት! ማሳዬ ድረስ መጥታ ዘር አዘራር የምታሳየኝ! የደወለልኝ ወንድ ነው… ድምጡ ጎርናና።»

«ወንድም ቢደውል እማማ፣ ስልኩ የወጣው በሷ መታወቂያ ነው» አለ ሳጅን።

«መታወቂያማ እኔም ጋ አለ» አሉና ከመቀነታቸው የተጣጠፈ ወረቀት ፈቱ። «የበቆሎ ዘር የገዛሁ ቀን የሰጡኝ ነው። ማንበብ አልችልም… ጀርባው ላይ የሰው ፎቶ ባይ ጊዜ ገርሞኝ አስቀመጥኩት። እስቲ እዩልኝ… ይኼም ሰውዬ ሌባ ነው?»

ሳጅን ወረቀቱን ተቀበለ። በአንድ በኩል የእቃ ማውጫ ነው… የድርጅቱ ማኅተም አለ፣ የአቶ ዓለምነህ ፊርማ አለ።

ገለበጠው…

የመታወቂያ ኮፒ! ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ፎቶ…

የራሱ የአቶ ዓለምነህ!



ነገሩ እንዲህ ነው…

ይህ ቆጣቢ ሰውዬ «አንድ በኩል ብቻ የታተመበት ወረቀት አይጣልም፣ በጀርባው እቃ ማውጫ አትሙበት» ብሎ አዞ ኖሯል። የሠራተኛው ማኅደር ደግሞ ማተሚያው ሥር በካርቶን ተዝረክርኳል… ቁልፍ የለው፣ ኃላፊ የለው። ፀሐፊዋ ወረቀት ባለቀባት ቁጥር ከዚያው ካርቶን እየዘገነች ስታትም ከርማለች። የራሱም ኮፒ እዚያው ውስጥ እንደነበረ ረስቶታል።

ዘር የገዛ ሁሉ የአንድ ሠራተኛ ማንነት ተመርቆለት ይሄድ ነበር!

የመቅደላ ኮፒ አንዱ አጭበርባሪ እጅ ገባ። ኮፒ ብቻ አይቶ ሲም የሚያወጣለት ሻጭ ደግሞ አልጠፋም።

«ይ… ይኼ ወረቀት በስንት ሰው እጅ አልፏል?» አለ አቶ ዓለምነህ። ላብ በላብ ሆኗል።

«የኔስ ጋሼ?» አለች መቅደላ። «የኔ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ትናንት ጠይቀው ነበር?»

 

ደብዳቤ ሳያስፈልጋት መቅደላ ነፃ ወጣች። ምርመራው ወደ ቢሮው ዞረ።

ሰውዬው ከዚህ በኋላ ተማረ ብላችሁ ካሰባችሁ… ተሳስታችኋል።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ ውስጥ ባለቁልፍ የብረት ካዝና ገባ። ሠራተኛው ሁሉ እፎይ አለ።

በሳምንቱ መቅደላ ሥራዋን ለመልቀቅ ሄደች። «ማኅደሬን ስጡኝ» አለች። ፀሐፊዋ ጎንበስ ብላ… ከዚያው ካርቶን ውስጥ ታገላብጥ ጀመር።

«ካዝናው ታዲያ?»

ፀሐፊዋ አንገቷን ደፋች።

«እሱ ውስጥ ያለው… የጋሼ ዓለምነህ ማኅደር ብቻ ነው።»

ትምህርቱ ግልጽ ነው ወዳጆቼ… የሠራተኛህን መታወቂያ ስትቀበል የተቀበልከው ወረቀት ሳይሆን አደራ ነው። መጠበቅ ካልቻልክ አትሰብስብ። በቸልተኝነትህ የሰው ስም ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ኮትህ አያድንህም።

እናንተ በመቅደላ ቦታ ብትሆኑ… ዝም ብላችሁ ትለቁ ነበር ወይስ አቶ ዓለምነህን ፍርድ ቤት ታቆሙት ነበር? እስቲ ሳትፈሩ ጻፉልኝ… አለቃችሁ ቢያነበውም ይጠቅመዋል።